ስለ እሳትና ስለ ፍል ውኃ ቃጠሎ

እሳት ለሰው እጅግ የሚጠቅም ነገር ነው። እንጀራ የሚጋገረው፥ ወጥ የሚሠራው፥ ቡና የሚፈላው በእሳት ኃይል ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ሲጎድል ይኸው እሳት ሥጋን ያቆስላል። ልጆችም የሚቃጠሉት በነበልባል ብቻ አይደለም፤ ከጉልቻ ላይ በሚገለበጥ ድስት፥ ከጀበና በሚፈስ ቡና፥ በጋለ ምጣድ፥ በእንፋሎትና በረመጥም ነው።

ቆዳ ለሰውነት እንደ ቤት ግድግዳ ነው። ሥጋንና ደምን ይሸፍናል፤ በሽታ የሚያመጡትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን እንዳይገቡ ይከለክላል። ቃጠሎው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነክቶ እንደ ሆነ ቆዳው ይቀላል፥ ይለበልባል፥ በጥቂት ቀንም ይድናል። ጥቂት ጠልቆ እንደ ሆነ ውኃ ይቋጥራል፥ እጅግም ያማል። እስከ ውስጥ የዘለቀ ቃጠሎ ግን ቆዳውን ያነጣዋል ወይም ያጠቍረዋል፤ ሕመምን የሚያስታውቁት ሥሮች አብረው ስለሚቃጠሉ አንዳንድ ጊዜ አያምም። ስለዚህ ሕመም ባይኖርም ቃጠሎው ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ምጣድ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ፥ እንዲሁ የተቃጠለ ሥጋ ከእሳት ከራቀ በኋላ ሙቀቱ በውስጡ ይቆያል። ይህን ሙቀት የሚያወጣው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ቧንቧ ባለበት ከቧንቧው ሥር፥ በሌለበት በጣሳ እየቀዱ በቀስታ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ይገባል። ወዲያው ማድረግ ባይቻል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቢደረግ ይጠቅማል። በረዶ ግን ቆዳውን ይጎዳልና አይደረግበትም። ቦታው ከማበጡ በፊት ቀለበትና አምባር ይውለቅ፤ በቁስሉ ላይ የተጣበቀ ልብስ ግን በግድ አይሳብ።

ብዙ ሰዎች ቃጠሎን በቅቤ፥ በሊጥ፥ በአመድ፥ በጭቃ ወይም በጥርስ ሳሙና ይቀባሉ። ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ ዳሩ ግን ፍቅር ያለ እውቀት ሊጎዳ ይችላል። ቅቤና ሊጥ ሙቀቱን በውስጥ ያቆዩታል፤ አመድና ጭቃም ቁስሉን ያሳድፉታል።

አንዲት ልጅ ጀበና ከምድጃ ስታነሣ ከእጇ አመለጣትና ተሰበረ፤ ፍል ቡናውም በእጇ ላይ ፈሰሰ። ቍጣን ፈርታ ስባሪውን ጣለች፤ እጇን በነጠላ ሸፍና ዝም አለች። ሌሊት በስውር ጭቃ ቀባችው። በሦስተኛው ቀን እጇ አብጦ መግል ያዘ፥ ትኵሳትም መጣባት። እናቷ ባየች ጊዜ አለቀሰችና «ጀበና ከገበያ ይገዛል፤ እጅሽን ግን ከወዴት እገዛዋለሁ?» አለቻት። ሐኪም ቤትም ወሰደቻት። ልጅቱ ከብዙ ቀን በኋላ ዳነች፤ በእጇ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ። እንግዲህ የተቃጠለ ልጅ ነገሩን አይሸሽግ፤ ወላጅም አስቀድሞ ውኃ ያፍስስ፥ ስለ ዕቃው የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ውኃ የቋጠረውን ማፍረጥ አይገባም፤ የቋጠረው ቆዳ ለቁስሉ መሸፈኛ ነውና። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን ይበቃል። ቃጠሎው ከተቃጠለው ሰው መዳፍ የሚሰፋ ቢሆን፥ ፊትን፥ እጅን፥ እግርን ወይም መጋጠሚያን ቢነካ፥ ቢነጣ ወይም ቢጠቍር፥ ቢመግል፥ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የተቃጠለም ሰው እንዲሁ ይሂድ፤ የውስጡ ጉዳት ከውጭ ከሚታየው ይበልጣልና።

ከማከም መጠንቀቅ ይሻላል። ምድጃው ሕፃን ከሚድህበት መሬት ከፍ ብሎ ይሠራ፥ ወይም ዙሪያው ይታጠር። ፍል ነገር የያዘ ሰው ሕፃን አይታቀፍ። በሚነድ ኩራዝ ላይ ጋዝ አይጨመርበት። ልብሱ በእሳት የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋልና። በመሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፥ ሌላውም ሰው በወፍራም ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኖ ያጥፋለት።

ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በምድጃ አጠገብ ሲወድቅ፥ አንዳንዶች በሽታው በመንካት ወይም በምራቅ የሚጋባ መስሏቸው ከእሳት ሳያወጡት ይሸሻሉ። ይህ ስሕተት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ያየው ሁሉ ፈጥኖ ከእሳት ያርቀው። ከወደቀ ሰው መሸሽ ነውር ነው፤ እጅን ዘርግቶ ማንሣት ግን ሰውነት ነው።

ብልህ ልጅ ሳይቃጠል ይጠነቀቃል፤ ቢቃጠልም ፈጥኖ ይናገራል፤ ሌላው ሲቃጠልም ውኃ ይዞ ይሮጣል።