በኢኮው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር መርዶ አይደለም

ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት እናቱን ይዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመጣ ልጅ፣ የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ውጤት ሲቀበል ዓይኑ በመቶኛ በተጻፈው ቁጥር ላይ ያርፋል። 30 ከመቶ ይላል። «የእናቴ ልብ ሰባ እጁ ሞቷል ማለት ነው» ብሎ ያሰላል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና «ደህና ነሽ ብለዋል፣ እማዬ» ይላል።

ስሌቱ ስህተት ነው። ሐኪሞች «ኢጀክሽን ፍራክሽን» የሚሉት ይህ ቁጥር፣ የልብ የግራ ታችኛው ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ምን ያህሉን እንደሚረጭ ያሳያል። ጤነኛ ልብም ሙሉውን አይረጭም። ጀበና ሲቀዳ አተላው ከታች እንደሚቀር፣ ልብም ከ50 እስከ 70 ከመቶ ያህሉን ረጭቶ ቀሪውን ይይዛል። ስለዚህ 30 የሚነጻጸረው ከመቶ ጋር ሳይሆን ከ60 ገደማ ጋር ነው።

ይህ ማለት ግን ቁጥሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። 40 እና ከዚያ በታች ሲሆን የልብ የመርጨት አቅም ቀንሷል ይባላል። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ደጋግሞ ሆስፒታል የመተኛትና በድንገት የመሞት አደጋው ይጨምራል። ደግነቱ ቁጥሩ ይለወጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ የወሰዱ ብዙ ሕሙማን ከጥቂት ወራት በኋላ ኢኮ ሲደገምላቸው ልባቸው በርትቶ ይገኛል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ልባቸው የደከመ እናቶችም በጊዜ ከታከሙ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ስለዚህ አራስ ልጅዎ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት ወይም እግሯ ካበጠ፣ «የወሊድ ድካም ነው» ብለው አይለፉት።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽንት የሚያበዛው ላሲክስ እብጠቱን ቶሎ ስለሚቀንስ ይወደዳል። እንደ ኢናላፕሪልና ካርቪዲሎል ያሉት ግን ለውጣቸው ወዲያው ስለማይታይ ይተዋሉ። ልቡ ለደከመ ሰው ዕድሜ የሚጨምሩት ግን እነዚሁ ናቸው።

በሌላ በኩል ቁጥሩ 60 ነው ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ልብን ያደነድነዋል። የደነደነ ልብ በደንብ እየረጨም በደንብ ስለማይሞላ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። በአገራችን በብዙ ልጆችና ወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ ቧንቧ በር ጉዳትም እንዲሁ ነው፤ በሩ ጠቦ ቁጥሩ ደህና ሊሆን ይችላል። መነሻው ብዙ ጊዜ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። የልጅ ልጅዎ ጉሮሮውን ሲያመው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በሽታው የተገኘበት ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የታዘዘለት የፔኒሲሊን መርፌ አይለፈው።

በቤት ውስጥም ሥራ አለ። ሕመምተኛዋ በየጠዋቱ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ውኃ እያቆሩ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይ። በገጠሩ ቡና በጨው መጠጣት የተለመደ ነው፤ ለእሳቸው የሚቀዳው ሲኒ ግን ያለ ጨው ይሁን። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ይቅርባቸው። በክረምት ገንዘብ ሲያጥር መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮን መክፈልና የመድኃኒቱን ወጪ ለይቶ ማስቀመጥ ይበጃል።

ወረቀቱን ኪሱ የከተተው ልጅ እናቱን ከሐዘን ያዳነ ይመስለዋል። «ደህና ነሽ» የተባሉ እናት ግን እብጠቱ ሲጎድል መድኃኒቱን ቢተዉ አይፈረድባቸውም። «ልብሽ ደክሟል፤ ካላቋረጥሽ ግን መድኃኒቱ ያበረታዋል» ይበላቸው። እውነቱም ይኸው ነው።