«ሰላም» ስንት ባይት ነው? ሲሪያላይዝ የተደረገ ዳታ ከዳታቤዝ ሲመለስ ለምን ይበላሻል

የአማርኛ ድረ ገጾችን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሳዛውር ደጋግሞ የሚገጥመኝ ችግር አለ። ዳታቤዙ በሰላም የገባ ይመስላል፤ የድረ ገጹ ሴቲንጎች ግን ጠፍተው ሁሉም ነገር ገና ዛሬ እንደተጫነ ይሆናል። የኤረር መዝገቡን ስከፍት «ኤረር አት ኦፍሴት» የሚል የፒኤችፒ መልእክት አገኛለሁ። ይህ ከየት እንደሚመጣ፣ አማርኛን ለምን ቶሎ እንደሚያጠቃና እንዴት እንደሚጠገን እንይ።

ዳታው እንዴት ይቀመጣል?

ኦብጀክት ወይም አሬይ እንዳለ በዳታቤዝ ዓምድ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ተቀይሮ ይቀመጣል፤ ይህን ሲሪያላይዝ ማድረግ እንለዋለን። ዎርድፕሬስ ብዙ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጠው በዚህ መንገድ ነው።

የፒኤችፒ «ሲሪያላይዝ» ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ፊት ርዝመቱን ይጽፋል። የሚቆጥረው ግን ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ሲቀመጥ ከፊቱ የሚጻፈው 3 ሳይሆን 9 ነው። ዳታው ሲመለስ ፒኤችፒ ልክ 9 ባይት ቆጥሮ የመዝጊያውን ጥቅስ ይፈልጋል። ጥቅሱ እዚያ ከሌለ የሚወድቀው ያ ቃል ብቻ ሳይሆን ሙሉው አሬይ ነው፤ የሚመለሰውም «ፎልስ» ይሆናል።

ቆጠራውን የሚያዛባው ምንድን ነው?

1. የካራክተር ሴት ለውጥ። ዓምዱ ላቲን1 ከሆነና የማይኤስኪውኤል ስትሪክት ሞድ ከተዘጋ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ አንድ የጥያቄ ምልክት ይለወጣል። 9 ባይት የነበረው 3 ይሆናል፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር ግን አሁንም 9 ይላል። እንግሊዝኛ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ባይቱ ስለማይለወጥ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞከረ ኮድ ምንም ችግር ያለበት አይመስልም።

2. በኤስኪውኤል መፈለግና መተካት። የድረ ገጹን አድራሻ ከ«ኤችቲቲፒ» ወደ «ኤችቲቲፒኤስ» ስትቀይሩ አንድ ባይት ይጨመራል፤ ቁጥሩን ግን የሚያርመው የለም።

3. መቆረጥ። የማይኤስኪውኤል «ቴክስት» ዓምድ የሚይዘው 65,535 ባይት ነው። በአማርኛ ቢበዛ 21,845 ፊደል መሆኑ ነው። ስትሪክት ሞድ ከተዘጋ ትርፉ ተቆርጦ ይቀራል፤ ከ5.7 ጀምሮ ግን ስትሪክት ሞድ ሳይነገረው ክፍት ስለሆነ ኤረር ይሰጣል።

ከመጠገን በፊት

የሴቲንግ ገጹ ባዶ ሆኖ ስታዩት «ሴቭ»ን አትጫኑ። ፕሮግራሙ «ፎልስ» ሲመለስለት ሴቲንግ የለም ብሎ ባዶውን ገጽ ያሳያል። ሴቭ ካደረጋችሁ ባዶው በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ሊድን ይችል የነበረው ዳታም ያኔ ነው የሚጠፋው። መጀመሪያ የዳታቤዙን ቅጂ ያዙ፤ ከዚያ በቅጂው ላይ ሥሩ።

ቀጥሎ የተበላሸውን ረድፍ በማይኤስኪውኤል «ሄክስ» ፈንክሽን እዩት። አማርኛ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የምታገኙት መልሱን ይነግራችኋል።

• እያንዳንዱ ፊደል በ«ኢ1» የሚጀምር ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የተዛባው ቁጥሩ ብቻ ነው። ርዝመቶቹን እንደገና ቆጥሮ የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት ይበቃል። ጽሑፉ መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን የጎደለው ከባክአፕ መምጣት አለበት።

• «ሲ3 ኤ1» የሚደጋገም ከሆነ ዩቲኤፍ-8 ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ሲመለስም ቆጠራው በራሱ ይስተካከላል።

• «3ኤፍ» የሚደረደር ከሆነ ያ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ፊደል ምን እንደነበረ የሚናገር ባይት አልቀረም። ያለው መፍትሔ ባክአፕ ብቻ ነው።

ለወደፊቱ

ዳታቤዙን ስታወጡም ስታስገቡም፣ ኮዱ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን። የማይኤስኪውኤል አሮጌው «ዩቲኤፍ8» 3 ባይት ድረስ ብቻ ስለሚይዝ አማርኛን ይችላል፤ 4 ባይት የሆነ ኢሞጂ ሲመጣ ግን ይሰናከላል። ዎርድፕሬስ ላይ አድራሻ ስትቀይሩ የደብሊውፒ-ሲኤልአይን «ሰርች-ሪፕሌስ» ተጠቀሙ፤ ቁጥሮቹን ራሱ ያስተካክላል። የፒኤችፒ ኦብጀክት ፕራይቬት ፕሮፐርቲ ካለው ሲሪያላይዝ ሲደረግ ዜሮ ባይት ይገባበታል፤ የፖስትግሬስኪውኤል «ቴክስት» ደግሞ ዜሮ ባይት አይቀበልም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን በ«ብሎብ» ወይም በ«ባይትኤ» ዓምድ አስቀምጡ።

አዲስ ሥራ ስጀምር እኔ የምመርጠው ጄሰንን ነው። ርዝመት ስለማይጽፍ አንድ ቃል መቀየር ሌላውን አያፈርስም። ፒኤችፒ ሳይነገረው እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በ6 ባይት ኮድ ስለሚጽፍ ግን «አንኤስኬፕድ ዩኒኮድ» የሚለውን አማራጭ ክፈቱለት። ጄሰንም ቢሆን ከመቆረጥና ከተሳሳተ ካራክተር ሴት አያድንም። ስለዚህ ኮዳችሁን ስትሞክሩ «ቴስት» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ከመጻፍ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፤ አስቀምጡት፣ መልሱት፣ 9 ባይት መሆኑን አረጋግጡ።