ትንሹ የናፍጣ ፒክአፕ፤ በአሜሪካ የታጣበትና በደምቢያ የሚፈለግበት ምክንያት

ከአዘዞ ተነሥቶ በደምቢያ ሜዳ ወደ ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ ቆላ ድባን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር ቆሞ አላፊውን ለሚቆጥር ሰው ከአህያው፣ ከጋሪው፣ ከባጃጁና ከአይሱዙው መካከል አንድ ዐይነት መኪና ይታየዋል፤ ይኸውም ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ ያለው፣ በናፍጣ የሚሠራው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ለአገሩ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ግን ይኸው መኪና በሻጭ ቤት አይገኝም፤ የሚመኘው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። አንዳንዱ አሮጌውን ሃይሉክስ ከጃፓን በመርከብ አስጭኖ እስከ ማስመጣት ይደርሳል። ያን ያህል መኪና በሞላበት አገር የሚኖር ሰው በቆላ ድባ ጭቃ የሚያልፈውን ፒክአፕ ስለምን ይመኛል? እኛስ የምንፈልገው እርሱ በሚፈልግበት ምክንያት ነውን? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ወደ ሲሊንደሩ ስቦ ከ15 እስከ 22 ጊዜ እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። አየር በኃይል ሲጨመቅ እንደሚግል የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ፖምፓው እጅን ያሞቃልና። በሞተሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ናፍጣው በቀጭን ቀዳዳ ይረጫል፤ ያን ጊዜ ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከሚቃጠለው ነዳጅ ከቤንዚኑ ይበልጥ ሥራ ያወጣል፤ ከዚህም በቀር አንድ ሊትር ናፍጣ ራሱ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ 10 እጅ በላይ ብልጫ ያለው ሙቀት ይዟል።

ለደምቢያ ሰው ግን ከቁጠባው ይልቅ የሚጠቅመው ሌላው ጠባይ ነው፤ ማለት የናፍጣ ሞተር በዝግታ ሲዞር ብዙ ኃይል መስጠቱ። የደምቢያ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጎማ ላይ ተለጥፎ ጎማውን እንደ ድቡልቡል ጭቃ ያደርገዋል። እንዲህ ባለው ስፍራ ኃይል ለማግኘት በፍጥነት መዞር ያለበት ሞተር ጎማውን በባዶ ያሽከረክርና ጉድጓድ ይቈፍራል፤ መኪናውም በሆዱ ይቀመጣል። የናፍጣው ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቀስ እያለ ስቦ ይወጣል። አራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆንና ከኋላ በጠንካራ ባሌስትራ ላይ ሲቀመጥ ይህ ጠባይ ይጐላል።

ስለ ውሃም እንዲሁ ነው። መገጭና ድርማ በክረምት ሞልተው ወደ ሜዳው ሲወጡ ውሃ የሚሻገር የቤንዚን መኪና የብልጭታ ሽቦው ከራሰ ይጠፋል። ናፍጣው የሚርስ ብልጭታ ስለሌለው ይዘልቃል። ይሁን እንጂ አሽከርካሪው በዚህ እንዳይታለል ማስጠንቀቅ ይገባናል፤ ውሃው እስከ አየር መሳቢያው ከደረሰና ወደ ሲሊንደር ከገባ፣ ውሃ እንደ አየር የማይጨመቅ ስለ ሆነ፣ ቢዬላውን ያጣምመዋል። ያ ሲሆን መኪናው የሚጎተተው ወደ ጋራዥ ነው፤ ወጪውም ቀላል አይደለም።

ናፍጣ እንከን የለውም ለማለት አይደለም። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጭነት ይዞ ወደ ጎንደር ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር ጢስ የሚተፋው ናፍጣው የሚበቃውን አየር ስላላገኘ ነው። ያ ጢስ ለሳንባ ጎጂ መሆኑም የታወቀ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ነገሩ የሚጀምረው በዶሮ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች፣ በተለይም ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይ፣ ከአሜሪካ በርካሽ በሚገባው ዶሮ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ጣሉ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በታኅሣሥ 1963 እ.ኤ.አ. ባወጡት አዋጅ ብድር መለሱ፤ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪና ላይ ከመቶ 25 ቀረጥ ጣሉ። የሌሎቹ ቀረጥ በኋላ ተነሣ፤ የጭነት መኪናው ግን ቀረ። የጃፓን ፋብሪካዎች ጥቂት ጊዜ ዘዴ አግኝተው ነበር፤ ጋቢናውንና ሻንሲውን ለብቻ አስገብተው መጫኛውን እዚያው አሜሪካ ይገጥሙለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ይህም በር ተዘጋ። ዶሮ ሻጭና ዶሮ ገዢ የተጣሉበት ነገር ስድሳ ዓመት ተሻግሮ የመኪናን ዕድል መወሰኑ ለምጣኔ ሀብት ተማሪ ጥሩ ትምህርት ይመስለናል።

ነገር ግን ሁሉንም በዶሮው ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ከ1979 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ችግር በኋላ ትንንሽ የናፍጣ ፒክአፖች በአሜሪካ ተሽጠዋል፤ ቶዮታ፣ አይሱዙ፣ ዳትሱን፣ ቮልክስዋገን፣ ፎርድም ሳይቀር አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የድፍድፍ ዘይት ዋጋ ሲወድቅ ገዢው ወደ ቤንዚን ተመለሰ፤ ናፍጣዎቹም አንድ በአንድ ጠፉ። በዚያ አገር የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ 18.4 ሳንቲም ሲያስከፍል በናፍጣ ላይ 24.4 ሳንቲም ያስከፍላል። የጢስ ሕጉም ጠበቀ፤ ናፍጣ የሚተፋው የናይትሮጅን ጋዝና ጥላሸት እንደ ቤንዚኑ በአንድ ሚዛን እንዲመዘን ተደረገ። ሼቭሮሌት ከ2016 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መካከለኛ ፒክአፑን በናፍጣ ሞተር ሸጦ ተወው። እንግዲህ አሜሪካዊው ያጣው በከፊል በቀረጥ፣ በከፊል በሕግ፣ በከፊልም ራሱ ገዢው ስለተወው ነው። በዚህ ላይ ፋብሪካዎቹ ፒክአፑን ከዓመት ዓመት አሳደጉት፤ ጎልማሳ ሰው ቆሞ እጁን ወደ መጫኛው ማስገባት እስኪያቅተው ድረስ ከፍ ያለ ሆነ። ትንሹን የሚናፍቀው ሰው ከናፍጣው ጋር የሚናፍቀው ይህን ልክ ነው።

የሁለቱ አገሮች ሕግ ስለ አሮጌ መኪና ያለው አመለካከት ደግሞ ተቃራኒ ነው። በአሜሪካ ማንኛውም መኪና ከተሠራ 25 ዓመት ሲሞላው ከደኅንነት ደንቡ ነፃ ሆኖ መግባት ይችላል። በእኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። አንድ ያረጀ ሃይሉክስ ለአሜሪካዊው የሚፈቀድለት በማርጀቱ ሲሆን ለኢትዮጵያዊው የሚወደድበት እንዲሁ በማርጀቱ ነው።

ከዚህ ቀጥለን በቆላ ድባ መኪናው የማን እንደ ሆነ እንመልከት። ባለ አንድ ጋቢናው ሃይሉክስ አንድ ቶን ገደማ፣ ማለት 10 ኩንታል ያህል ይጭናል። አንዲት አህያ ግማሽ ኩንታል ተሸክማ ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያ ስትሄድ፣ አይሱዙ ደግሞ 35 ኩንታልና ከዚያ በላይ ካላገኘ ለአሽከርካሪው አያዋጣውም። በሁለቱ መካከል ያለው ጭነት፣ አንድ ወይም ሁለት ገበሬ ከአጨዳ በኋላ የሚሸጠው ጤፍና ሽምብራ፣ ልኩ የፒክአፕ ነው። የሚያነሣው ግን ጋሪና ባለ ሦስት እግር ሞተር ነው፤ ፒክአፑ ዋጋው ከገበሬው አቅም በላይ ስለ ሆነ በመንገዱ የሚታየው በአብዛኛው የመሥሪያ ቤትና የፕሮጀክት ሰሌዳ ለጥፎ ነው።

መሥሪያ ቤት ሲገዛ ደግሞ ደብል ጋቢና ያዛል። ይህን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ጋቢና ለሦስት ሰው መቀመጫ የሚሰጠው ከመጫኛው ርዝመት ቀንሶ ነው። ከኋላ የሚታየውም ብዙ ጊዜ መለዋወጫ ጎማ፣ አንድ በርሜልና ሸራ ነው። ለጭነት የተፈጠረው መኪና የኃላፊ ወንበር ሆኖ ቀረ ብንል ማጋነን አይመስለንም። ኃላፊው ወደ ሩቅ ቀበሌ መድረሱ ጥቅም እንዳለው አንክድም፤ ክትባትና ምርጥ ዘር የሚደርሱት በዚሁ ነው። ነገር ግን ስለ ፒክአፑ ጥቅም ሲነገር የገበሬው ምርት አብሮ መቈጠር አይገባውም፤ አልተጫነምና።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥገና ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። አምስት ኤል የተባለው አሮጌው የሃይሉክስ ሞተር 2,986 ሳንቲ ሜትር ኩብ መጠን አለው፤ ተርቦም ኮምፒውተርም የለውም። ናፍጣውን የሚያከፋፍለው በቺንጋ የሚዞር ፖምፓ ነው። ናፍጣ አልቆበት መንገድ ላይ የቆመ አሽከርካሪ ከጀሪካን ይሞላና በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫነ አየሩን አውጥቶ ያስነሣዋል። አዲሱ ሞተር ከዚህ በኃይልም በቁጠባም ይበልጣል፤ ጢሱም ያነሰ ነው። ናፍጣውን የሚረጨው ግን ከከባቢ አየር ከ1,000 እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። በበርሜል ቆይቶ ውሃ ወይም አቧራ የገባበት ናፍጣ ለአሮጌው ሳል ሲሆን ለአዲሱ ሞት ነው። የተበላሸውን ለመመርመርም መፍቻ አይበቃም፤ መሣሪያ ወዳለበት ከተማ መጐተት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ወዳጁ አሮጌውን የሚመኘው በትርፍ ሰዓቱ በገዛ እጁ ሊፈታው ስለሚችል ነው፤ የቆላ ድባው አሽከርካሪ በገዛ እጁ የሚፈታው ሌላ የሚፈታለት ስለሌለ ነው።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን እየቀነሰ መጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። አቅጣጫው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። በመሠረቱ የኤሌክትሪክ ሞተር ገና መዞር ሲጀምር ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ለዋልካ ጭቃ ከናፍጣው እንኳ የተሻለ ነው፤ ብልጭታም፣ ጢስም፣ የሚሳሳ አየርም አያስጨንቀውም። ባለ አንድ ጋቢና ሆኖ 10 ኩንታል የሚጭን፣ ከቆላ ድባ ገጠር ደርሶ የሚመለስና እዚያው ከተማ ውስጥ የሚጠገን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከመጣ ለናፍጣ ጠበቃ የምንቆምበት ምክንያት የለንም። መብራት በጠፋበት ሳምንት በምን እንደሚሞላና ባትሪው ሲደክም ማን እንደሚከፍተው ግን፣ የሚያስመጡት ሰዎች ከመሸጣቸው በፊት ለደምቢያ ገበሬ ሊነግሩት ይገባል።