«የመድፍ ልጅ»፤ ስለ ታላላቅ የዝሆን ጠመንጃዎችና ስለ ወዳጆቻቸው

ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ መውደዱ የቆየ ጠባይ ነው። ገበሬ ሞፈሩን፣ ጸሐፊ ብዕሩን፣ ፈረሰኛ ኮርቻውን ይወዳል። በአገራችን ከዚህ ፍቅር ትልቁን ድርሻ ያገኘው ጠመንጃ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ናስማስር እየተባለ በየስሙ ይጠራል፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ በፉከራና በቀረርቶም ይነሣል። ነገር ግን በአፈ ሙዛቸው ስፋትና በአረራቸው ክብደት ከነዚህ ሁሉ እጅግ የሚበልጡ፣ ለጦርነት ሳይሆን ለዝሆን አደን የተሠሩ ጠመንጃዎች በዓለም ላይ አሉ። ዛሬ ዝሆን ማደን በብዙ አገሮች የተከለከለ ሲሆን፣ እነዚህን ጠመንጃዎች በብዙ ገንዘብ እየገዙ የሚሰበስቡና ለመተኮስ የሚጓጉ ሰዎች ግን አልጠፉም። ይህ ፍቅር ከምን እንደ ተነሣና ምን እንደሚያስተምር መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች የአፈ ሙዝን ስፋት የሚለኩት በእርሳስ ነበር። አንድ ፓውንድ፣ ማለት 454 ግራም ያህል እርሳስ፣ ለአፈ ሙዙ ልክ የሆኑ ስንት ድቡልቡል አረሮች ይወጡታል ብለው ይቆጥራሉ። ስምንት ቢወጡት ጠመንጃው «ባለ ስምንት»፣ አራት ቢወጡት «ባለ አራት» ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጠመንጃው ይተልቃል። የባለ አራቱ አረር ብቻውን 113 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የአፈ ሙዙም ስፋት ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የውጅግራ አፈ ሙዝ 11 ሚሊ ሜትር መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ልዩነቱን ይረዳዋል።

ጠመንጃው ይህን ያህል የተለቀው ለትዕቢት ሳይሆን ለችግር ነው። የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ አረርን በብዙ ፍጥነት ለማስወንጨፍ አይችልም ነበር። አረሩም ለስላሳ እርሳስ ስለ ነበረ በወፍራም አጥንት ላይ ይጠፈጠፋል። ፍጥነት መጨመር ካልተቻለ የቀረው መንገድ ክብደት መጨመር ብቻ ነው። አረሩ ሲከብድ ደግሞ ባሩዱ ይበዛል፤ ባሩዱ ሲበዛ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ የሚገፋውም የተኳሹን ትከሻ ነው። ጢሱም እንደ ደመና ፊት ለፊት ስለሚቆም፣ አዳኙ የቆሰለው አውሬ ይሽሽ ወይም ይምጣበት ለማየት ይቸገር ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር በ1861 እና በ1862 ኋላ ባለቤቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር ከኢትዮጵያ ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ወንዞች እየተከተለ ሲጓዝ፣ ለንደን ውስጥ በሆላንድ ቤት የተሠራ አንድ አስደናቂ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ጠመንጃው ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር ይተኩሳል፤ የራሱ ክብደት ግን 20 ፓውንድ፣ ማለት ዘጠኝ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ አረር ይህ ክብደት አይበቃም። ቤከር ጉልበተኛና ከባድ ጠመንጃ የለመደ ሰው ሳለ፣ በተኮሰ ቁጥር እንደሚያሽከረክረውና የገዛ ጠመንጃውን እንደሚፈራ ሳያፍር ጽፏል። ከአሽከሮቹም አንድ ስንኳ ሊተኩሰው የቻለ አልነበረም። ዓረቦቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ስም አወጡለት፤ ቤከር ግን ስሙን አሳጥሮ «ሕፃኑ» አለው።

የሚደንቀው ግን በዚያው ጉዞ ቤከር ያየው ሌላ ነገር ነው። ተከዜ በታችኛው አገር ሰቲት በሚባልበት በኩል የሚኖሩት የሐምራን አዳኞች ዝሆንን የሚገድሉት በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን እያስቆጣ ወደ ራሱ ይስበዋል። ዝሆኑ ያን ፈረሰኛ ሲያባርር፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ በመውረድ ቋንጃውን በሰይፍ ይቆርጠዋል። ትልቁ አውሬም ባለበት ይቆማል። በአንድ የወንዝ ዳር የዓለም ከባድ ጠመንጃና አንድ ሰይፍ ጎን ለጎን ታዩ። የሐምራን ሰዎች የዝሆንን ጠባይ፣ የፈረሳቸውን ፍጥነትና የጓደኛቸውን ልብ ያውቁ ስለ ነበር፣ ግማሽ ፓውንድ አረር አላስፈለጋቸውም።

ከቤከር በኋላ በደቡብ አፍሪካ ስሙ የታወቀው ፍሬደሪክ ሴሉስ ነው። ሴሉስ በ1871 ገና የ19 ዓመት ወጣት ሆኖ ወደ አፍሪካ መጣ። ጥሩ ጠመንጃው ስለ ጠፋበት፣ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ፣ ከአፍ የሚጎረሱ «ባለ አራት» ጠመንጃዎች ገዛ። ባሩዱን ሳይመዝን ከቆዳ ከረጢት በእጁ እየዘገነ፣ ሩብ ፓውንድ አረር እያጎረሰ ብዙ ዝሆኖች ገደለ። ነገር ግን ግፊያቸው ሰውነቱን እንዳናወጠውና በኋላ ዘመኑ በቀላል ጠመንጃ እንኳ ሲተኩስ እጁ እንዳይጸና እንዳደረገው በመጽሐፉ ገልጿል፤ ከነዚያ ጠመንጃዎች ጋር ባልተዋወቅሁ ኖሮ ብሎም ተጸጽቷል። መሣሪያው አውሬውን ሲመታ ባለቤቱንም ይመታ ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኮርዳይት የተባለው ጢስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1898 የለንደኑ ሪግቢ ቤት «አራት መቶ ኃምሳ ኒትሮ ኤክስፕረስ» የተባለውን ጠመንጃ አወጣ። አረሩ 31 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ጠንካራ ልባስ ያለውና በሰኮንድ 650 ሜትር ያህል የሚሮጥ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው ከባድ እርሳስ ያልዘለቀውን አጥንት ዘለቀው። ከዚያ ወዲህ «ባለ አራት» እና «ባለ ስምንት» የአዳኝ መሣሪያ መሆናቸው እየቀረ ሄደ።

ይህን እስከ መጨረሻው የገለጠው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ነው። ይህ ሰው በዩጋንዳ ካራሞጃ በሚባለው አገር ስላደነ «ካራሞጆ ቤል» ተባለ። በሕይወቱ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች የገደለ ሲሆን፣ አብዛኛዎቹን የመታው አፈ ሙዙ 7 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ አረሩ 11 ግራም ብቻ በሚመዝን ቀላል ጠመንጃ ነበር። ቤል የዝሆንን ራስ ቅል ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ከየአቅጣጫው አጠና። ስለዚህ የሚተኩሰው ወደ ትልቁ አካል ሳይሆን ወደ አንድ ትንሽ ስፍራ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ እንደ ቤል አይተኩስም። ትንሽ ጥይት በማያውቅ ሰው እጅ አውሬን አቁስሎ ከመልቀቅ በቀር ሌላ ፍሬ የለውም። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕጉ ለአደገኛ አውሬ ከ9.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠመንጃ የሚከለክለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ካለፈ በኋላ ፍቅሩ ለምን ቀረ? አንደኛው ምክንያት የእጅ ጥበቡ ነው። በባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሁለቱ አፈ ሙዞች ጎን ለጎን ተበይደው ሲሠሩ፣ ሁለቱ ጥይቶች አንድ ስፍራ እንዲመቱ ባለሙያው እየተኮሰ፣ ብየዳውን እያሞቀና እያቃና ብዙ ቀን ይደክማል። ልኩ የሚስማማው ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ነው። ሰብሳቢዎችም ጠመንጃውን ሲያገላብጡ የሠሪውን ስም፣ የለንደን ወይም የበርሚንግሃም ፍተሻ ቤት ማኅተም፣ የሰደፉን እንጨትና የቅርጹን ጥራት ይመረምራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የሚበልጠውን የማግኘት ምኞት ነው። ለረዥም ዘመን ትልቁ የኮርዳይት ጠመንጃ 58 ግራም አረር የሚተኩሰው «ስድስት መቶ ኒትሮ ኤክስፕረስ» ነበር። በ1988 ግን ከአሜሪካ በመጡ ፈላጊዎች አሳብ፣ የሆላንድና ሆላንድ ቤት አረሩ 65 ግራም፣ የአፈ ሙዙ ስፋት ወደ 18 ሚሊ ሜትር የሆነውን «ሰባት መቶ ኒትሮ ኤክስፕረስ» ሠራ። ይህን ጠመንጃ የጠየቀ ዝሆን አልነበረም፤ የጠየቀው የሰው ልብ ነው።

ዝሆኑ ደግሞ በዚያ ጊዜ እያለቀ ነበር። ኬንያ በ1977 አደንን ከለከለች። በ1989 በናይሮቢ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ እጅ ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲቆም ተወሰነ። በአገራችንም በመጋቢት 2015 አዲስ አበባ ላይ ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በእሳት ጠፍቷል። ቀድሞ ዝሆን የገደለ ሰው በሚሸለምበት አገር፣ ዛሬ በባቢሌ የቀሩትን ጥቂት ዝሆኖች የሚጠብቅ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል።

ታላቁን ጠመንጃ መውደድ በራሱ ነውር አይደለም። የእጅ ጥበብን ማድነቅ፣ ታሪኩን ማጥናት፣ በተፈቀደ ቦታ ወደ ዒላማ መተኮስ ለሰው ጨዋታና ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍቅር ልክ ያስፈልገዋል። በቤቱ መሣሪያ ያለው የቤተ ሰብ አባት ሁሉ ጠመንጃውን ከጥይቱ ለይቶ፣ ቆልፎና ከልጆች እጅ አርቆ ማኖር አለበት፤ ፈቃዱንም በ2020 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ማሟላት ይገባዋል። ቤከርን ያሽከረከረው፣ የሴሉስን እጅ ያናወጠው ጠመንጃ የሚመክረን አንድ ነገር አለ፤ ኃይል ዕውቀትን አይተካም። ሐምራኑ በሰይፍ፣ ቤል በትንሽ ጥይት የሠሩትን ሥራ የሠሩት የመሣሪያቸውን ልክና የራሳቸውን ልክ ስላወቁ ነው።