የንድፍ ሶፍትዌር ስለሚለውጡ የመሬት ቀያሾች

በቀድሞ ዘመን መሬት በቃላድ ይለካ ነበር፤ ዛሬ ግን ቀያሹ የለካውን በኮምፒዩተር ይነድፋል። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው አውቶካድ ለዚህ ሥራ እጅግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፈቃዱ በየጊዜው ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ አንዳንዱ ቀያሽ ያለ ዋጋ ወደሚገኘው ወደ ኪውጂአይኤስ ይሻገራል።

መሻገሩ መልካም ነው፤ አደጋ ግን አለበት። የቀድሞው ንድፍ በዲኤክስኤፍ ፋይል ሲተላለፍ መስመሩ ይደርሳል እንጂ፥ በየትኛው መነሻ እንደ ተለካ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ አይደርስም። አዲንዳን ከሚባለው መነሻ የተለካ ማሳ በደብልዩጂኤስ 84 እንደ ተለካ ቢቆጠር፥ ቅርጹ ሳይለወጥ ድንበሩ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ ሙግትም ይነሣል።

ስለዚህ የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች ሆይ፥ ቀያሹ የአንድ የታወቀ ማሳ ማዕዘኖችን በአሮጌውም በአዲሱም ነድፎ፥ በሜዳ ካለው የድንበር ድንጋይ ጋር ሳያስተያይ ካርታውን አትቀበሉት፤ የቀድሞውም ፋይል ይጠበቅ።