የሱፍ አበባና የእህል በረንዳ ሚዛን



በከተማችን ከሚኖሩት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል፥ ግቢው ምንም ጠባብ ቢሆን፥ በደጁ ጥቂት አበባ ለመትከል የሚደክም ብዙ ነው። ከሚተከሉትም ሁሉ በቁመቱ ከአጥር በላይ ብቅ እያለ መንገደኛውን የሚመለከት የሚመስለው፥ ፊቱ ክብና ወርቅማ የሆነው የሱፍ አበባ ነው። ይህንኑ ተክል በአዲስ ከተማ፥ በእህል በረንዳ የቅባት እህል ሲገበያይ የኖረ ሰው በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በዚያ አበባነቱ ቀርቶ፥ ቅጠሉም ረግፎ፥ በጆንያ ተሞልቶ በኪሎ የሚሸጥ ፍሬ ነው። በደጃችን በዓይን የተመሰገነው በገበያ በሚዛን ይፈረድበታል። የዛሬው ንግግራችን በነዚህ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ስላለው ነገር ይሆናል፤ ይኸውም ተክሉ ከአበባነት ተነሥቶ እስከ ሚዛን የሚያልፍበት መንገድ ለሰው መንፈስ ምን እንደሚያስተምር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ይገባል። በአገራችን ሱፍ የሚለው ስም ለሁለት ተክሎች ይነገራል። አንደኛው ቅጠሉ እሾሃማ፥ አበባው ብጫና ብርቱካንማ የሆነው፥ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ሲዘራ የኖረው ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የፈረንጅ ሱፍ የሚለው፥ ዛሬ የምንናገርለት ረጅሙ ተክል ነው። የዚህኛው የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፥ የዚያ አገር ጥንታውያን ነዋሪዎች ከ4,000 ዓመት በፊት እየዘሩ አልምተውት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት እስፓኞች ወደ አውሮፓ አመጡት፤ በዚያም ለብዙ ጊዜ በአትክልት ቦታ ለጌጥ ሲተከል ኖሮ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት በሩስያ ዘይቱ በብዛት እየተጨመቀ የገበሬው ሀብት ሆነ። እንግዲህ ተመልካች እንዲደሰትበት የተተከለው አበባ ለማዕድ እስኪበቃ ድረስ ብዙ ትውልድ አልፏል ማለት ነው። በእኛም ዘንድ በጾም ወራት ፍሬው ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦና ተጠልሎ ከእንጀራ ጋር ሲፈተፈት የማያውቀው ቤተ ሰብ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት የሚገኘው ከተክሉ አዟዟር ነው። ወጣቱ የሱፍ አበባ ጧት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ፀሐይን ይቀበላል፤ ቀኑን ሙሉ ሲከተላት ውሎ ማታ ወደ ምዕራብ ይደርሳል፤ ሌሊት ግን ማንም ሳያዞረው ተመልሶ፥ ገና ሳይነጋ ምሥራቅን ይዞ ይጠብቃል። ይህም የሚሆነው ግንዱ በቀን በምሥራቅ ጎኑ፥ በሌሊት ደግሞ በምዕራብ ጎኑ አብልጦ ስለሚያድግ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በዴቪስ ከተማ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንደ ገለጡት፥ ተክሉ ጊዜን የሚለይበት የተፈጥሮ ሰዓት በውስጡ አለው። ከሜዳ ወደ ቤት አግብተው ብርሃኑን ከራሱ በላይ በአንድ ቦታ ቢያቆሙበት እንኳ፥ ለጥቂት ቀናት እንደ ልማዱ ወዲያና ወዲህ ማለቱን አልተወም። ዕድገቱን ሲፈጽም ግን መዞሩን ያቆምና ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንደ ሆነ ይቀራል። ወደ ምሥራቅ የሚመለከት አበባ በጧት ፈጥኖ ስለሚሞቅ ንቦች ይበዙበታል፤ ተመራማሪዎቹም ወደ ምዕራብ እንዲዞር ከተደረገው ጋር ሲያስተያዩት፥ አምስት እጥፍ ያህል ንብ ሲጎበኘው አይተዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን የሌሊቱን መመለስ ነው። በቀን ፀሐይን መከተል ምንም አያስደንቅም፤ ብርሃኗ በግልጥ ይስበዋልና። በጨለማ ግን የሚታይ ፀሐይ የለም፤ ያመሰግነኛል የሚለው ተመልካችም የለም። ተክሉ ለነገው ብርሃን የሚዘጋጀው በዚያ ሰዓት ነው። በመርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ክርስቲያኑ ሲጸልይ ወደ ምሥራቅ፥ ሙስሊሙ ሲሰግድ ወደ ቂብላ ፊቱን ያቀናል። ሁለቱም ቢሆኑ ከገበያው ግርግር ገለል ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ መመለስን በየቀኑ ይለማመዳሉ። ሰውም አለቃው በሌለበት፥ መዝገቡንም የሚመረምር ሰው ባልቀረበበት ሰዓት ልቡን ወዴት እንደሚያዞር ራሱን ቢጠይቅ፥ የእምነቱን ልክ ያገኘዋል። በወጣትነቱ በየማታው የሚመለስ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ፊቱ በዚያው ይጸናል። በመጀመሪያው የሥራ ዘመኑ ፊቱን ወደ ጥቅም ያለመደም እንዲሁ በለመደው ይጸናልና፥ ይህ ነገር ሊያስፈራን ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት የአበባው አሠራር ነው። እኛ አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ የብዙ አበቦች ጉባኤ ነው። በመካከሉ ያለው ክብ ብዙ መቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሺህ የሚበልጡ ጥቃቅን አበቦች የሞሉበት ሲሆን፥ እያንዳንዳቸው አንድ ፍሬ ለመያዝ የተዘጋጁ ናቸው። ዳር ዳሩን ከበው የሚታዩት ወርቃማ ቅጠሎች ደግሞ በፈንታቸው አበቦች ናቸው፤ ነገር ግን ፍሬ አይሰጡም። መንገደኛው ቆሞ የሚያደንቀው እነዚህን ነው፤ በእህል በረንዳ ግን ከነሱ አንዱም አይገኝም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን በዳር ያሉትን ብንንቅ ስሕተት ይሆናል። ንቦችን ከሩቅ የሚጠሩት እነሱ ናቸውና፥ ያለ እነሱ መካከለኛዎቹ ጎብኚ ያንሳቸው ነበር። በመሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። ያማረ ልብስ፥ የተስተካከለ ወንበርና ጠረጴዛ፥ በበሩ ላይ የተጻፈ የማዕርግ ስም ባለጉዳዩን ወደሚረዳው ሰው ለመምራት ያገለግላሉ። ጥፋት የሚመጣው የጠሩትን እንግዳ ሳያስተናግዱ ሲመልሱት ነው። ንብ በቅጠሉ ተስባ መጥታ በመካከሉ ምግብ ባታገኝ ኖሮ፥ ያ ሁሉ ውበት ማታለያ በሆነ ነበር። እንደዚሁም በበሩ ላይ ስሙን ያስጻፈ ሹም ባለጉዳዩን በየቀኑ ነገ ተመለስ እያለ ቢያመላልሰው፥ ያ ጽሑፍ ምን ይጠቅማል? ሥራው የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ ስማቸው በማይነሣ፥ ደብዳቤ በሚመዘግቡ፥ መዝገብ በሚፈልጉና ሒሳብ በሚያመሳክሩ ሰዎች እጅ ነው። እነሱም እንደ ጥቃቅኖቹ አበቦች ከዳር ወደ መካከል በየተራቸው ይከፈታሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ሦስተኛው ትምህርት ማጎንበስ ነው። አበባው ፍሬ እየያዘ ሲሄድ ራሱ ይከብደዋል፤ አንገቱም ይቆለመማል፤ ቀድሞ ሰማይን ይመለከት የነበረው ፊት ወደ ምድር ያዘነብላል። ይህ መጎንበስ የፀሐይ ትኩሳት ፍሬውን እንዳያቃጥለው፥ ወፍም እንደ ልቡ እንዳይለቅመው ይረዳዋል። የማያውቅ ሰው ግን ተክሉ የደከመ መስሎት ያዝንለታል።

ንብ በሚገባ ያልጎበኘው ራስ ላይ ሌላ ነገር ይታያል። ቅርፊቱ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የተሟላ ሆኖ ሳለ፥ ውስጡ ባዶ የሆነ ፍሬ ይገኝበታል። በመልክ አይለይም፤ ክብደት ግን የለውም። በእህል ገበያ ሥራውን የሚያውቅ ነጋዴ እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ ጥቂት ፍሬ ይዘግንና በመዳፉ ላይ ያየዋል፤ እፍ ይልበታል፤ አንዱንም በጥርሱ ይሰብረዋል። ከዚህ በኋላ ጆንያው ወደ ሚዛን ይወጣል። ባዶው ቅርፊት በደጅ ሳለ ከሙሉው ጋር እኩል ቦታ ይዞ ነበር፤ እዚህ ግን ቦታ መያዙ አይቆጠርለትም።

መርካቶ የዛሬውን ቦታ የያዘው በጣልያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚያ በተዛወረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከየአውራጃው በጭነት መኪና ለመጣው ጤፍ፥ ስንዴና የቅባት እህል እህል በረንዳ ትልቅ መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ገበያ የተማረውም ያልተማረውም የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ሚዛን ሲያዘነብል ድሀ ይጎዳል። ከአንድ ኩንታል ላይ በተንኮል የጎደለች አንዲት ኪሎ በአንድ ቤት የልጆች ራት ናት። ይህ ሕግ በቢሮም ይሠራል። ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የመጣ ባለጉዳይ በአንድ ፊርማ ምክንያት ሦስት ቀን ቢዘገይ፥ ከኑሮው የተሰረቀው በኪሎ ባይመዘንም መጉደሉ አይቀርም። የእኛ ብዕርም እንደ ነጋዴው ሚዛን መሆኑን ብንዘነጋ፥ በገበያ ያለውን ሰው ለመውቀስ አፍ አይኖረንም።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል፥ «ተክል ነፍስና ፈቃድ የለውም፤ የሚዞረው ግንዱ በአንድ ጎን ስለሚረዝም፥ የሚያጎነብሰውም ስለሚከብደው ነው፤ ታዲያ ይህን ትሕትና ማለት እንዴት ይቻላል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እውነት ነው። የሱፍ አበባ በመዞሩ የሚያገኘው ምስጋና፥ ባለመዞሩም የሚደርስበት ወቀሳ የለም። ነገር ግን የሰውና የተክል ልዩነት ትምህርቱን ያከብደዋል እንጂ አያፈርሰውም። ተክሉ ፊቱን ከብርሃን ለማዞር አይችልም፤ ሰው ይችላል። ተክሉ ፍሬ ሳይዝ አጎንብሶ ሊያታልለን አያስብም፤ ሰው ግን ባዶ ሆኖ ሳለ የትሑት መልክ ሊይዝ፥ ወይም ጥቂት ዕውቀት ሲይዝ አንገቱን ሊያቀና ይችላል። ስለዚህ በተክሉ ዘንድ ተፈጥሮ የሆነው ነገር በእኛ ዘንድ በየቀኑ የምንመርጠው ግዴታ ነው።

እንግዲህ፥ ውድ አንባብያን፥ ከዚህ የሚከተለውን ምክር መፈጸም ለማንም አያስቸግርም። ሰኔ ሲገባ ያልተቆላ የፈረንጅ ሱፍ ፍሬ ጥቂት ከገበያ ገዝታችሁ፥ ፀሐይ በሚያገኘው የግቢያችሁ ጥግ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሳችሁ ዝሩት። ግቢ የሌለው በሰፊ ጣሳ ይሞክረው። ልጆቻችሁም ማታ ወዴት እንደ ዞረ፥ ጧትም ወዴት እንደሚገኝ በየቀኑ እንዲመለከቱ አድርጉ። ሲያጎነብስ አትቁረጡት፤ እስኪደርቅ ታገሡትና ፍሬውን ፈልፍላችሁ ሙሉውንና ባዶውን በእጃችሁ ለዩ። በማግሥቱም ወደ ሥራችሁ ስትሄዱ፥ በጠረጴዛችሁ ላይ ከሰነበቱት ጉዳዮች መካከል ባለቤቱ በበራፍ ቆሞ የሚጠብቀውን አንዱን አስቀድማችሁ ፈጽሙለት።