ግማሽ ሊትር ለአንድ ከረጢት፦ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቀሉ ኬሚካሎች ትውውቅ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ወላይታ ሶዶ እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ከተሞች ሁሉ የሶሌታና የኮለን ሙሌት በሚካሄድበት ቦታ ውሃ ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ አንደኛው ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቡኮውን አለስልሶ በፌሮዎቹ መካከል እንዲሰርግ ማድረግ ነው። ለመጀመሪያው ሥራ ከሲሚንቶው ክብደት 40 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 20 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጨመራል፤ ትርፉም ውሃ ኮንክሪቱ ሲደርቅ ወጥቶ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል። በ25 ሊትር መቦካት የነበረበት ከረጢት ሥራው እንዲቀል ተብሎ አምስት ሊትር ቢጨመርበት፣ ኮንክሪቱ በ28 ቀን ሊደርስበት ከሚገባው ጥንካሬ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ በቀዳዳዎቹም እርጥበት ገብቶ ፌሮውን ለዝገት ያጋልጣል።

በግንባታ ሰዎች ዘንድ አድሚክስቸር የሚባሉት ኬሚካሎች የመጡት ይህን ቅራኔ ለመፍታት ነው። የሲሚንቶ ብናኞች ውሃ ሲነካቸው በላያቸው በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ምክንያት እርስ በርስ ተሳስበው ይጓጉላሉ፣ በጓጓላዎቹም መሐል ውሃ ታፍኖ ይቀራል፤ ቡኮው የሚደርቀው ውሃ አንሶት ሳይሆን ያለው ውሃ ስለታሰረበት ነው። ውሃ ቀናሽ የሚባለው ኬሚካል በብናኞቹ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይበትናቸዋል፣ የታፈነውንም ውሃ ይፈታዋል። ከእንጨት የወረቀት ጥሬ ዕቃ ሲመረት በተረፈ ምርትነት የሚገኘው ሊግኖሰልፎኔት የውሃውን ፍላጎት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓንና በጀርመን የተሠሩት ሱፐርፕላስቲሳይዘሮች ይህን አቅም በእጅጉ አሳደጉት፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ከጃፓን የወጣው ፖሊካርቦክሲሌት ሞለኪዩሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የረዘሙ ክንዶች ስላሉት ብናኞቹን በክንዶቹ ገፍቶ ያራርቃቸዋል። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 1 በመቶ ቢሆን ለአንድ ከረጢት ግማሽ ኪሎ ወይም ግማሽ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም 25 ሊትር ይፈልግ የነበረውን ቡኮ በ20 ሊትር እኩል እንዲፈስ ሊያደርገው ይችላል።

ኬሚካሉ የሚነካው ግን ፍሰቱን ብቻ አይደለም። ሃይድሬሽን የሚባለው የሲሚንቶና የውሃ ውሕደት በአራት ዋና ዋና ማዕድናት የሚካሄድ ሲሆን፣ ከእነዚህ ፈጣኑ አሉሚኔት በደቂቃዎች ውስጥ ቡኮውን እንዳያደርቀው በፋብሪካ ጂፕሰም ይጨመርበታል። ከዚያ ለአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያህል የዝምታ ጊዜ ይከተላል፤ ሙሌቱ መከናወን ያለበትም በዚህ ጊዜ ነው። ብናኞቹን የሸፈነው ኬሚካል ይህን ጊዜ ሊያራዝመው ይችላል። የዚህ ግልጹ ምሳሌ በየቤቱ ያለው ስኳር ነው፤ ለአንድ ከረጢት 25 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቢገባ መያዣ ጊዜውን በአራት ሰዓት ገደማ ያዘገየዋል፣ መጠኑ ወደ ብዙ መቶ ግራም ከፍ ሲል ግን ቡኮው ጨርሶ ላይጠነክር ይችላል። በጠርሙስ ላይ የተጻፈውን መጠን በግምት የሚያልፍ ሠራተኛም ራሱን ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል።

ማዘግየት ግን በቦታው ሲውል ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የውሕደቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ፣ በሶዶ ደጋማ አየር ምቹ የሆነ ቡኮ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ሲወርድ ቶሎ ይይዛል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ከስድስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የፈጀ፣ በንብርብር እየተነጠፈ በሮለር የሚጠቀጠቅ የግድብ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ግድብ የታችኛው ንብርብር ሳይይዝ የላይኛው ካልተነጠፈበት ሁለቱ አይጣበቁም፣ መጋጠሚያውም ውሃ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ይሆናል፤ አዘግዪ ኬሚካል በእንዲህ ያለ ሥራ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በአንጻሩ አፋጣኙ ካልሲየም ክሎራይድ ርካሽ ቢሆንም ፌሮን ስለሚያዝግ ፌሮ ባለው አርማታ ውስጥ ሊገባ አይገባውም።

የኬሚካሉን ውጤት በቦታው ለመለካት ስላምፕ የሚባለው መሣሪያ በቂ ነው። ቁመቱ 30፣ የታችኛው አፉ 20፣ የላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ቆብ ውስጥ ቡኮው በሦስት ዙር ይሞላል፣ እያንዳንዱ ዙር 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ይወጋል፤ ቆቡ ቀጥ ብሎ ሲነሳም የቡኮው ክምር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይለካል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በተደገመው ልኬት ውርደቱ ብዙ ከቀነሰ ኬሚካሉና ሲሚንቶው አልተስማሙም ማለት ነው፤ ይህም የሚያጋጥመው የአሉሚኔቱ፣ የጂፕሰሙና የሚጨመረው የፐሚስ መጠን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ነው። ውድ ኬሚካል ገዝቶ ይህን ሙከራ የሚዘል ባለቤት ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል፤ ኬሚካሉ የቱንም ያህል ቢረዳ፣ ከሙሌት በኋላ ለቀናት ውሃ የማጠጣቱን ግዴታ አያስቀርለትም።

ስለዚህ በወላይታ ዞን የሚገነቡ ባለሙያዎችና የቤት ባለቤቶች ሶሌታ ከመሙላታቸው በፊት በዚያው ሲሚንቶ፣ በዚያው አሸዋና በዚያው ውሃ ትንሽ የሙከራ ቡኮ አቡክተው ስላምፑን ቢለኩ፣ ኬሚካሉንም በግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ቢጨምሩ ይመከራል።